እስከ ሩአች ጉልበት

ሚያዝያ 28 ቀን 1988፣ ጋምቤላ

ዛሬ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰኝ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማህተም አለው። «አቶ ወንዳፈረው የሆስፒታሉን ግንባታ ወጪ በመቆጣጠር ረገድ ላሳዩት የላቀ ጥንቃቄ» ይላል። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያነበብኩት። ቢሮ አንድ ጊዜ፣ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ፣ ቤት ስደርስ ደግሞ ለባለቤቴ ለሺታዬ ጮክ ብዬ። አንብቤ እስክጨርስ ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። በሽንኩርቱ ነው ትላለች።

ነገሩ በሥርዓት ይጻፍ። ክልሉ ከተቋቋመ ወዲህ ከያዝናቸው ሥራዎች ትልቁ ይህ ሆስፒታል ነው፤ እኔ ደግሞ ቢሮውን ወክዬ ወጪውንና ጥራቱን እቆጣጠራለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣው ንድፍ ወደ ባሮ ያዘነበለው የማዋለጃ ሕንፃ ወለሉ ከመሬት አንድ ሜትር ከአሥር እንዲነሳ ያዝዛል። ወንዙ ይሞላል ተብሎ ነው። እኔ ወረቀት አይቼ ብር የማፈስ ሰው አይደለሁም፤ ቦታው ድረስ ወርጄ አጠናሁ። የግንባታው ዘበኛ ሩአች እዚያው ሰፈር የኖረ ሰው ነው። «በጣም በሞላበት ዓመት ውሃው እዚህ ጋ የት ደረሰ?» አልኩት። «ጉልበት» አለኝ። መትሬን አወጣሁ፤ አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር። ለመጠባበቂያ አሥራ አምስት ጨመርኩ፤ ስልሳ ሆነ። ሃምሳ ሳንቲ ሜትር የሙሌት አፈር ቀረ፤ ከነማጓጓዣው ከሰማንያ ሺህ ብር በላይ ዳነ። ጥናቴ «በነዋሪዎች ቃል ላይ የተመሠረተ የጎርፍ ከፍታ ግምገማ» ይባላል። ሁለት ገጽ ነው፤ ነዋሪዎቹም አንድ ናቸው።

የክትትል መምሪያውን ኃላፊነት ለእኔ ለመስጠት ታስቧል ይባላል። ፋይሌ ቢሮ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው አሉ። እኔ ስለ ሹመቱ አላስብም።

ግንቦት 2

ለደብዳቤው ፍሬም ገዛሁ። ሺታዬ «ደብዳቤው ደግ ነው፤ ጣሪያው ግን ያፈሳል» አለችኝ። ጣሪያው እሁድ ይታያል።

ግንቦት 4፣ እሁድ

ጣሪያው አልታየም፤ እንግዳ መጣ። ሩአች የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ መቅረቱን አስታውሶ ቤቴ ድረስ መጣ። በሩን ሲገባ ጎንበስ አለ፤ ከገባም በኋላ ቶሎ አልተቃናም፤ ጣሪያውን ያመነው አይመስለኝም። ግድግዳው ላይ ያለውን ፍሬም አየና እንደገና ጎንበስ አለ። የሰቀልኩት በእኔ ዓይን ልክ ነው።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ስለ ጥናቴ ነው። መንግሥት አመሰገነኝ።»

«ጥናት ምንድን ነው?»

«ያን ቀን ስለ ውሃው የጠየቅኩህ።»

አሰበ። «አንተ ጠየቅህ። እኔ ነገርኩ» አለ። «ለእኔስ ደብዳቤ የለም?»

ሺታዬ ጓዳ ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። ሻይ አፍልታ ሰጠችው፤ ቁልፉን ወስዶ ሄደ። ለዘበኛ የምስጋና ደብዳቤ የሚጻፍበት አሠራር የለም። ብዙ ቆይቼ ነው ይህ መልስ የመጣልኝ።

ግንቦት 6

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት የማዋለጃው መሠረት ቦይ ውሃ ይዞ ነበር። ጥልቀቱን ለማየት ገባሁ፤ ሩአችም የወደቀውን ችካል ሊያነሳልኝ አጠገቤ ገባ። ውሃው እኔን ጉልበቴ ላይ ደረሰ። ሩአችን ግን ባቱ ላይ ነው የያዘው።

ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ከተማ የሚባለው የተቋራጩ ፎርማን ከላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ጫማዎ ጭቃ ያዘው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ጫማዬን ምንም አልያዘውም።

ግንቦት 7

ሰው ሁሉ ጉልበት አለው። ልዩነቱ ያን ያህል አይሆንም።

ግንቦት 9

የመጣውን አሸዋ መለስኩ። ጭቃ አለበት። ከተማ በእጁ ዘግኖ አሸተተው፤ «ባለፈው ሳምንት የተቀበሉት ይኸው አሸዋ ነው» አለ። ባለፈው ሳምንት ደረቅ ነበር አልኩት።

ዕቅዱ የማዋለጃው ወለል ኮንክሪት ግንቦት 26 እንዲሞላ ነው። ኮንክሪት አንዴ ከተሞላ ደግሞ ማንም አያነሳውም። ሙሌት አፈሩ የሚመጣው በአቦቦ መንገድ ካለው ጉድጓድ ነው፤ ዝናቡ ከጠና መኪና ጭቃ ውስጥ ይቀራል፤ መንገዱም እስከ ጥቅምት ይዘጋል። ይህን የምጽፈው እንዲያው ለማስታወስ ያህል ነው።

ግንቦት 12

የሰው ጉልበት እንዴት ይለካል? ዝም ብሎ ተጠግቶ መትር መዘርጋት አይቻልም። ምክንያት ይጠይቃል። ምክንያቱን ብነግረው ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ይሰማል፤ ነገ ጠዋት ቢሮ ኃላፊው ይሰማል።

ሌላ ዘዴ አግኝቻለሁ። ትንሽ ወጪ አለው።

ግንቦት 14

ለሩአች ሱሪ ላሰፋለት ወሰድኩት። ለታታሪ ዘበኛ የተሰጠ ማበረታቻ ነው አልኩት። «ደብዳቤ የለም፣ ሱሪ አለ» አለና ተከተለኝ።

ልብስ ሰፊው ረድዋን ገበያው ዳር ነው ያለው። ካኪ መረጥን። ረድዋን ወገቡን ለካ፣ ርዝመቱን ለካ፣ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ሜትሩን አንገቱ ላይ ሊመልስ ሲል አስቆምኩት።

«ከመሬት እስከ ጉልበቱም ለካ።»

«ከመሬት?» አለ ረድዋን። «ጋሼ፣ ሱሪ ከመሬት አይጀምርም።»

«ለካው ስልህ።»

«ከወገብ ወደ ታች ወስጄዋለሁ እኮ።»

«የቢሮ አሠራር ነው።»

ረድዋን ሃያ ዓመት ሰፍቷል፤ እንዲህ ያለ አሠራር ሰምቶ አያውቅም። ቢሆንም ተንበርክኮ ለካ። ሩአች ከላይ ሆኖ ሜትሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ እንደገና ሜትሩን አየ።

ስልሳ አንድ።

ግንቦት 15

ወለሉ ስልሳ። ውሃው ስልሳ አንድ።

አንድ ሳንቲ ሜትር ምን አላት? ትጠረጋለች።

ግንቦት 16

ምናልባት ከጉልበቱ ዝቅ ያለውን ማለቱ ይሆናል። ደግሞ ሰው ያለፈ ጎርፍ ሲያወራ ውሃውን ያበዛዋል። ጎግ ወረዳ ስሠራ አንድ ሰው ዓሣ ያዝኩ ብሎ እጁን ሲዘረጋ በሩ ጠቦት ነበር። ሩአች ግን እንደዚያ አይደለም፤ ከተናገረው ቃል ይልቅ ያልተናገረው ይበዛል።

በዚህ መሐል ብሎኬት መለስኩ። ጠርዙ ተሸርፏል። ከተማ አላነጋገረኝም።

ግንቦት 18፣ እሁድ

ከቅዳሴ መልስ በባሮ ዳር ዞር ዞር አልኩ። ለሥራ አይደለም፤ ለነፋስ ነው። መትሩ ኪሴ ውስጥ የተገኘው ሁልጊዜም ስለሚኖር ነው። አንድ ሰው ውሃው አፍ ላይ መረቡን ይጠግናል፤ ከእሱ ከፍ ብሎ ካለው ድንጋይ ላይ ሲስተር ኛዴንግ ተቀምጣለች። አሁን ያለው ክሊኒክ አዋላጅ ነርስ እሷ ናት፤ አዲሱ ሕንፃ ሲያልቅም ማዋለጃውን የምትረከበው እሷው ናት።

ስለ ጎርፉ ጠየቅኳት። ክሊኒኩ ያለው ከግንባታው ሜዳ ጋር በአንድ ዝቅታ ላይ ነው።

«የዛሬ ስምንት ዓመት ነው» አለች። «ሴትዮዋን ጠረጴዛ ላይ አወጣናት፤ እኛ ውሃ ውስጥ ቆመን አዋለድናት። ልጁን የት ላስቀምጠው? የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ አድርጌ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ካርቶኑ ላይ ‹እርጥበት እንዳይነካው› ተብሎ ተጽፎ ነበር። መመሪያውን አክብሬያለሁ።»

«ውሃው የት ደረሰ?»

«ጉልበቴ ጋ።»

ሳላስበው ወደ ታች አየሁ። እሷም ረጅም ናት።

«ጉልበቴን ምን ያዩታል፣ አቶ ወንዳፈረው?»

«ለጥናት ነው» አልኩ። ከዚያ የባሰ መልስ ሊገኝ አይችልም። መረብ የሚጠግነው ሰውዬ ሥራውን አቆመ።

ሳቋ ሲያልቅ እንዲህ አለች፦ «ለማንኛውም አዲሱ እንዲህ አያደርገንም። ንድፉ የመጣ ጊዜ ወለሉ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ይላል ብለው አሳይተውኛል። እኔ ከሆስፒታሉ ሁሉ የምወደው ያን አንድ ሜትር ነው።»

ለካ አልነገሯትም። እኔም አልነገርኳት። ደህና ዋይ ብዬ ሄድኩ። አፈርኩ። ማንም በማያየው ደብተር ላይ እንኳ ለመጻፍ ይከብዳል፤ ግን አፈርኩ።

ግንቦት 20

ከመጋዘኑ ጀርባ ቆሜ ጠጠር ስቆጥር ከተማና አንድ ሾፌር ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆነ? አሸዋ ይመልሳል፣ ብሎኬት ይመልሳል።»

«አልገባህም? እጁን ዘርግቶ ነው ያለው» አለ ሾፌሩ።

«አቶ ወንዳፈረው?»

«የምስጋና ደብዳቤ ከተቀበለ ወዲህ ነው የተለወጠው።»

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ አንድ እስክሪብቶ ወደ ቤት ወስጄ አላውቅም። አንድ ወስጃለሁ፤ በማግሥቱ መልሻለሁ። ሄጄ ልቆጣቸው ነበር፤ ግን ምን ብዬ? አሸዋው ምንም እንዳልነበረው እኔው አውቃለሁ።

ግንቦት 22

ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ጣሳ የመቲ ማር። ከተማ ነው ያመጣው፤ አገሩ መቲ ነው። «ለጋሼ፣ ደክሟቸዋልና» ብሎ ለሺታዬ ሰጥቷት ሄደ። ጉቦ ነው፣ ይመለሳል አልኩ። ሺታዬ ማንኪያውን ከአፏ አወጣች።

«ቀድሞ ማን አወቀ» አለች።

የጎደለውን ከገበያ ገዝቼ ሞላሁና ለከተማ መለስኩለት። ፎርማኑ ጣሳውን ይዞ ቆሞ «ያንሳል እንዴ?» አለኝ። ሳላስበው ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ።

ሺታዬ ማታ ጠየቀችኝ። «ሥራውን የምታስቆመው ለምንድን ነው? ማር ፈልገህ እንዳልሆነ አውቃለሁ።» ነገርኳት። ጉልበቱን፣ ረድዋንን፣ ስልሳ አንዷን፣ ካርቶኑን። ስታዳምጥ ቆይታ ተነሳችና ከአጠገቤ ቆመች። ቁመቷ ከእኔ በአራት ጣት ይበልጣል፤ ሃያ ዓመት በጋብቻ ስንኖር አንድ ቀን አንስታው አታውቅም።

«በእኔ እንኳ ብትለካው ይሻል ነበር» አለች።

ከዚያ ደግሞ፦ «ሰኞ ኮንክሪቱ ይሞላል አላልክም? ታዲያ ምን ትጽፋለህ?»

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ

መጀመሪያ ወደ ሩአች ሄድኩ። አዲሱን ሱሪ ለብሷል፤ ልኩ ነው።

«ሩአች፣ ያን ቀን ጉልበት ስትለኝ የማንን ማለትህ ነበር?»

ብዙ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። «እኔ ተናገርኩ፣ በእጄ እዚህ ነካሁ» አለና የራሱን ጉልበት መታ አደረገ። «አንተ መትሩን አንተ ላይ አደረግህ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«የመንግሥት ሥራ ነው። በአንተ ነው የሚለካው አልኩ።» ደግሞም ጨመረ፦ «ሱሪው ቀን ግን ገባኝ። አሁን ይናገራል አልኩ። ነገ ይናገራል አልኩ። አንተ ብሎኬት ትመልሳለህ።»

አሥር ቀን ጠብቆኛል። እንዳይመለከተኝ ፈልጌ መሬት መሬት አየሁ።

ከእሱ በቀጥታ ወደ ቢሮ ኃላፊው ሄድኩ። ቅዳሜ ነው፤ ብቻውን ነበር። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ሁለት ገጹን ጥናት ከፋይል አወጣና እንደገና አነበበ።

«እዚህ ላይ ጉልበት ይላል። የማን እንደሆነ አይልም።»

«አይልም።»

«የማን ነው?»

«የእኔ።»

ከወንበሩ ተነሳ። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ተነስቶ እስኪያልቅ ጊዜ ይወስዳል። ጠረጴዛውን ዞሮ አጠገቤ ቆመና ወደ ታች ተመለከተ።

«እኔም ፈርሜበታለሁ» አለ። «አንተን እያየሁህ ፈረምኩ።»

የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። ተመልሶ ተቀመጠና ወለሉ በንድፉ መሠረት አንድ ሜትር ከአሥር እንዲነሳ፣ የሰኞው ሥራ እንዲቆም፣ የምስጋናው ደብዳቤ እንዲሻር፣ ለእኔም ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ። የመምሪያውን ፋይል አንስቶ መሳቢያ ውስጥ አስገባ። መሳቢያው ሲዘጋ የተሰማኝን ድምፅ ስለ ሹመቱ የማያስብ ሰው አይሰማውም።

«በስንት ቀን ትሞላዋለህ?» አለኝ።

«መንገዱ እስኪዘጋ።»

«መቼ ይዘጋል?»

ሰማዩን አየሁ። እሱም አየ።

ግንቦት 27

አራት መኪና። ለከተማ እውነቱን ነገርኩት። «ማሩ ለምን እንደተመለሰ አሁን ገባኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ በፊት ሜዳው ላይ ይገኛል።

ሰኔ 1

ዘነበ። ሁለት መኪና ብቻ። የጎደለው ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር።

ሰኔ 3

አንድ መኪና ተቀረቀረ። ከተማ፣ ሩአች፣ ሾፌሮቹ፣ እኔ፣ ሁላችንም ገፋን። ሩአች ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ ጠቅልሎ ነበር። እኔን መጠቅለሉ አልጠቀመኝም።

ለነዳጅና ለትርፍ ሰዓት የወጣውን ደመርኩ። የዳነው ብር ሁሉ ተመለሰ፤ ብቻውንም አልተመለሰም፤ ሌላ ይዞ መጣ። በመዝገቡ ላይ ምክንያቱን «የከፍታ ማስተካከያ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰርዤ «የተቆጣጣሪው ስህተት» አልኩት።

ሰኔ 6

የመጨረሻው መኪና ገባ። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተዘጋ። አንድ ሜትር ከአሥር። ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ ከተማም ለካ።

ሰኔ 10

ማስጠንቀቂያው ደረሰኝ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማህተም አለው። ይህንንም ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የምስጋናውን ከፍሬሙ አውጥቼ ለመዝገብ ቤት መለስኩ። ፍሬሙ ባዶውን ግድግዳው ላይ ነው። ሺታዬ አላወረደችውም፤ እኔም አላወረድኩትም።

ሐምሌ 2

የማዋለጃው ወለል ኮንክሪት ተሞላ። ከተማ መልሶ የላከልኝን ማር በላሁ፤ ከወለሉ አሁን የማጸድቅለት ነገር የለም። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል።

ነሐሴ 19፣ እሁድ

ባሮ ወጣ።

ሩአች ጎህ ሲቀድ በሬን መታ። «ና» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሜዳው ሁሉ ውሃ ሆኗል። ያን ቀን ቆሜ እሱን የጠየቅኩበት ቦታ ደረስን፤ ካኪውን ጠቅልሎ ገባና ቆመ። ገብቼ አጠገቡ ቆምኩ፤ እኔን ጭኔ መሐል ደርሷል። ጎንበስ ብዬ ከእሱ ጎን መትሩን ወደ መሬት አወረድኩ። ስልሳ ሦስት። ጉልበቱን አልፎ አንድ ጣት እርሷል።

«ዘንድሮ ትንሽ በዛ» አለ፤ እሱ ያጎደለ ይመስል።

ሕንፃው ገና ግድግዳው አልተጠናቀቀም። ደረጃውን ወጥተን ወለሉ ላይ ስንቆም ሲስተር ኛዴንግ ቀድማን ነበር። ጫማዋን በእጇ ይዛ በደረቁ ኮንክሪት ላይ ከዳር እስከ ዳር ትሄዳለች፤ እርጥብ የእግሯ ዱካ ከኋላዋ ይደርቃል። ሁሉን ነገር ሰምታለች፤ ጋምቤላ ትንሽ ከተማ ናት። ልትወቅሰኝ ትችል ነበር።

«አልጋ አንድን እዚህ ጋ አደርገዋለሁ» አለችኝ። «ካርቶን አያስፈልገኝም።»

መትሬን አውጥቼ የአልጋውን ቦታ ለካሁላት።

ነሐሴ 27

በገዛ እጄ ደብዳቤ ረቂቅ ጻፍኩ። ቢሮ ኃላፊው አንብቦ ለዘበኛ የሚጻፍበት አሠራር የለም አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ፈረመበት፤ ማህተሙን ራሱ መታ። «አቶ ሩአች ስለ ጎርፉ ከፍታ ትክክለኛ ቃል ስለሰጡ፣ ቃላቸውም በመጨረሻ በትክክል ስለተለካ» ይላል።

በፍሬሙ ውስጥ አድርጌ ሰጠሁት። ሺታዬ አነበበችለት። ሩአች ሁለት ጊዜ አስደገማት፤ ከዚያ ፍሬሙን መልሶ ሰጠኝ።

«የእኔ ቤት ሣር ነው፣ ውሃ ይገባል። አንተ ጋ ይቀመጥ። መጥቼ አያለሁ።»

«የእኛም ያፈሳል» አለች ሺታዬ። ለማንኛውም ከሚያፈስበት ራቅ ያለ ግድግዳ መረጥን። ማስጠንቀቂያው እዚህ ደብተር ውስጥ ነው፤ በመጨረሻው ገጽና በሽፋኑ መሐል።

ምስማሩን እሱን አጠገቡ አቁሜ፣ በእሱ ዓይን ልክ መታሁ። አሁን ሲመጣ ጎንበስ አይልም። እኔ ማንበብ ስፈልግ ወንበር ላይ እወጣለሁ።